አንገረብ ዳር ያስተማርኩት ታሪክ

አብደራፊ ላይ ትምህርት ቤት የሚከፈተው መስከረም ነው፤ ክፍል የሚሞላው ግን ሰሊጥ ከገባ በኋላ ነው። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። የፍሬው ከረጢት አፉን ከመክፈቱ በፊት ካልታጨደ መሬት ላይ ይረግፋል፤ የዓመት ልፋት በጥቂት ቀን ይባክናል። ስለዚህ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ድረስ ስም ስንጠራ ግማሹ ስም «አቤት» ባይ አልነበረውም። ልጆቹ ከአባቶቻቸው ጋር አጨዳ ላይ ናቸው፤ አለዚያም ከደጋ ለቀን ሥራ ለወረዱት ሳሉጎች ውሃና ምግብ ያመላልሳሉ። ሂላ የሚባለው የነዶ ክምር ተራግፎ ሰሊጡ ጆንያ ውስጥ ሲገባ አንድ በአንድ ይመለሳሉ። እጃቸው ሻክሯል፣ ፊታቸው በፀሐይ ጠቁሯል፤ አንዳንዱም ወባ ይዞት ወይም ካላዛር ጥሎት ከሌሎቹ ዘግይቶ ይመጣል። ደብተሩንና እስክሪብቶውን ግን ብዙው በራሱ ላብ የገዛው ነው። ከእነዚህ ልጆች ጥቂቶቹ አጨዳ የሚሄዱት ወደ ምዕራብ፣ ፋሽጋ ወደሚባለው ለም ሜዳ ነበር።

ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት አብደራፊ ላይ የዘጠነኛ ክፍል ታሪክ አስተምር ነበር። ዛሬ ስለ ታሪክ ትምህርት ክርክር ሲነሳ ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ፣ የማን ጀግና ይጠቀስ፣ የማን ይዘለል በሚለው ላይ ነው የምንፋጀው። ክርክሩ ስለ መጽሐፉ ነው። እኔ ደግሞ ያንን ክርክር በሰማሁ ቁጥር ሐሳቤ የሚሄደው መጽሐፉን ተቀብሎ ወንበር ላይ ወደሚቀመጠው ልጅ ነው። አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። የቤተሰቡን እርሻ ያውቃል፣ መንገዱንና ወንዙን ያውቃል፣ ድንበር ላይ የተኩስ ድምፅ ሰምቷል። እሱ የሚፈልገው የሚያውቀው ዓለም ለምን እንዲህ እንደሆነ የሚያስረዳው ሰው ነው።

የክልላችን ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአማርኛ ይማራል። ሚኒስትሪ አልፎ ዘጠነኛ ሲገባ መጽሐፉ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ታሪክም ከኅብረተሰብ ትምህርት ተነጥሎ ራሱን ችሎ የሚመጣለት በዚሁ ዓመት ነው። አዲስ ትምህርትና አዲስ ቋንቋ አብረው ተጭነውበት አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጠውን ልጅ ሰነፍ ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ እኔ ክፍል ውስጥ ነገሩን መጀመሪያ በአማርኛ እንጫወተዋለን፤ ማን፣ የት፣ ለምን፣ ከዚያስ ምን ሆነ ብለን እናወራዋለን። ታሪኩ ከገባቸው በኋላ ወደ መጽሐፉ እንመለስና አንቀጹን አብረን እናነባለን። ያን ጊዜ እንግሊዝኛው ለሚያውቁት ነገር የተሰጠ ሌላ ስም ይሆንላቸዋል። ፈተናውንም በዚያ መንገድ የሚያልፉት ይበዙ ነበር።

የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ የሚጀምረው ታሪክ ምንድን ነው፣ ምንጩስ ከየት ይገኛል ከሚለው ነው። ቀጥሎ የሰው ዘር አመጣጥ፣ ከዚያ የጥንት ሥልጣኔዎች ይመጣሉ። ብዙ መምህር እነዚህን ምዕራፎች እንደ መግቢያ ቆጥሮ ሮጥ ብሎ ያልፋቸዋል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ ጊዜ የምሰጠው ለእነሱ ነበር።

ጥንታዊት ግብፅን ስናነሳ ልጆቹን ከክፍል አወጣኋቸውና ግቢው ውስጥ አፈሩ ላይ በዱላ ወንዝ ሣልን። አንገረብ ከጎንደር በኩል ካለው ደጋ ተነሥቶ በእኛ አቅራቢያ ያልፋል፤ ሱዳን ሲገባ ባህር ሰላም ይባልና ከአትባራ ይቀላቀላል። ከሰሜን ተከዜ ይመጣል፤ ማዶ ሲሻገር ስሙ ሰቲት ነው፤ እሱም አትባራ ውስጥ ይገባል። አትባራ ደግሞ ከካርቱም በስተሰሜን ከአባይ ጋር ይገናኛል። ክረምት ላይ ቀይ ሆኖ የሚወርደውን ጎርፍ ሁሉም ያውቁታል፤ ከብት ወስዶባቸዋል፣ መንገድ ዘግቶባቸዋል። ግብፅ ለሺህ ዓመታት ያረሰችው ደለል በአብዛኛው በጥቁር አባይና በአትባራ የሚወርደው የኢትዮጵያ ደጋ አፈር መሆኑን ስነግራቸው አንድ ልጅ ጎንበስ ብሎ የሣልነውን ወንዝ በጣቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለውና «ቲቸር፣ ፒራሚድ የሠሩት ሰዎች የበሉት እህል የበቀለው እኛ አፈር ላይ ነዋ!» አለ። ፈርዖኖች ከዚያ ቀን በኋላ ለዚያ ክፍል የሩቅ አገር ሰዎች አልነበሩም።

ከሥዕሉ ሳንነሣ ወደ ራሳችን አገር መጣን። በአትባራ፣ በሰቲትና በአንገረብ መካከል ያለው ጥቁር መሬት፣ ሰሊጥና ማሽላ እንደ ልብ የሚበቅልበት፣ ፋሽጋ ነው። ወደ ምዕራብ ሲዘልቁ ገዳሪፍ፣ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ገላባትና መተማ ይገኛሉ። ይህ ምድር በታሪካችን ውስጥ ስንት ጊዜ ብቅ እንደሚል አንድ በአንድ ስንቆጥር ልጆቹ ተገረሙ። የቋራው ካሳ ኃይሉ፣ ገና ቴዎድሮስ ሳይባል፣ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ሠራዊት ጋር ገጥሞ በመድፍ የተመታው ከዚሁ ድንበር ነው። ያ ሽንፈት ስለ ዘመናዊ ጦር መሣሪያ የነበረውን አስተሳሰብ እንደ ለወጠው የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ሽንፈት ያስተማረው ንጉሥ መኖሩ በፈተና ለወደቁት ልጆች ትልቅ ነገር ነበር።

የመተማ ጦርነት ግን ከሁሉም የሚበልጥ ትምህርት ነበረው። ሰሌዳው ላይ ሦስት ቁጥር ጻፍኩ፤ 1881፣ 1889 እና 1306። «የትኛው ነው ትክክል?» ስላቸው ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። ሦስቱም ትክክል ናቸው። አንደኛው የእኛ፣ ሁለተኛው የአውሮፓ፣ ሦስተኛው የሂጅራ አቆጣጠር ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ሜዳ፣ የአንድ ንጉሥ ሞት፣ ሦስት የዘመን አቆጣጠር። ከዚያ ወደ ምክንያቱ ገባን። አፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ውል ተፈራረሙ፤ በሱዳን ያመፁት ማህዲስቶች የከበቧቸው የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ለመርዳት ተስማሙ፣ በምላሹ ቦጎስ ተመለሰላቸው። ይህ ስምምነት ከማህዲስቶች ጋር ደም አቃባቸው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ገላባትን መቱ፤ የማህዲስቶቹ የጦር መሪ ሐምዳን አቡ አንጃ በጥር 1880 ሣር ውሃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደር ገባና አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። አፄ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ የዕርቅ መልእክት ልከው ነበር፤ አልተቀበላቸውም። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ጦርነቱ ሆነ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቆስለው በማግሥቱ ዐረፉ። በአቡ አንጃ ሞት ምክንያት ጦሩን ይመራ የነበረው ዘኪ ጠማል ሠራዊቱን አሰባስቦ ተከተለ፤ ራስ አርአያ ድምፁ የንጉሣቸውን አስከሬን ሲከላከሉ ወደቁ፤ የንጉሡም ራስ ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ።

ይህን ለልጅ ማስተማር ከባድ ነው። ታሪኩ ያማል። አንዱ መምህር ሕመሙን ለቁጣ ይጠቀምበታል፤ ሌላው ሕመሙን ፈርቶ በሁለት ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል። እኔ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። ሽማግሌ ጠይቃችሁ፣ የሰማችሁትን ከነገራችሁ ሰው ዕድሜና የትውልድ ቦታ ጋር ጽፋችሁ አምጡ አልኩ። ሰኞ ዕለት የመጣው ብዙ ነበር። አንዷ አያቷ እንደ ነገሯት ጻፈች፤ ጦሩ ድል አድርጎ አጥሩን ሰብሮ ከገባ በኋላ ነው ንጉሡ የተመቱት፤ እሳቸው ባይመቱ ኖሮ መተማ የእኛ ድል ነበረች። አንደኛው ልጅ ደግሞ ከገዳሪፍ ሰሊጥ ሊገዛ የሚመላለስ ነጋዴ ጠይቆ መጣ። ለነጋዴው መተማ አያቶቹ የአንድ ኃያል ንጉሥ ጦር የመለሱበት የኩራት ቀን ነው። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ተነበቡ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ጥያቄው ጀመረ። ማን ነው በዓይኑ ያየ? አያትሽ የሰሙት ከማን ነው? ነጋዴው ይህን ያነበበው ትምህርት ቤት ነው ወይስ ከአባቱ ሰምቶ ነው? የታሪክ ምንጭ ስለሚባለው ነገር ከዚህ በላይ የማስረዳበት መንገድ አልነበረኝም። በመጨረሻ አንድ ነገር ጨመርኩላቸው። ማህዲስቶችም ቢሆኑ በመተማ ምርጥ ሠራዊታቸውን አጥተዋል፤ ዘጠኝ ዓመት ተኩል ሳይሞላ የእንግሊዙ ጄኔራል የኪችነር ጦር ኦምዱርማን ላይ መትረየስ አጠመደባቸው። ሁለት አፍሪካውያን ጎረቤታሞች እርስ በርስ ሲዳከሙ ጣልያን አሥመራን፣ እንግሊዝ ካርቱምን ያዙ።

የክፍሉን ስሜት ከሁሉ በላይ የሚነካው ጉዳይ የድንበሩ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ልጆቹ ግን ጠየቁኝ። አባቷ ማዶ የሚያርስ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ መሬቱ የማን ነው?» አለች። መልሱን በአንድ ቃል ብነግራት ደስ ይላት ነበር፤ ክፍሉም ያጨበጭብ ነበር። ሰሌዳውን በጠመኔ ለሦስት ከፈልኩት። መጀመሪያው ላይ የሆነውን ጻፍን። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ የድንበር ውል ፈረሙ። በዓመቱ ሻለቃ ቻርልስ ጉዊን የሚባል የእንግሊዝ መሐንዲስ መስመሩን መሬት ላይ ምልክት አደረገበት። ሐምሌ 1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሱዳን መንግሥታት ስለዚሁ መስመር ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ ድንበሩ ግን መሬት ላይ ተካልሎ አላለቀም። ሁለተኛው ላይ ሱዳኖች የሚሉትን ጻፍን፤ «ውል አለ፣ መስመር አለ፣ ደብዳቤ አለ፣ ፋሽጋ ከመስመሩ በእኛ በኩል ነው፣ ገበሬዎቻችን ከ1980ዎቹ ማብቂያ ወዲህ እርሻቸውን አጥተዋል» ይላሉ። ሦስተኛው ላይ በእኛ በኩል የሚባለውን አሰፈርን፤ ጉዊን መስመሩን ያሰመረው የኢትዮጵያ ተወካይ በሌለበት ብቻውን ነው፣ መሬቱን ያቀናውና ያለማው የእኛ ገበሬ ነው፣ በጋራ ሳይካለል በጉልበት የሚወሰን ነገር የለም።

ጽፈን ስንጨርስ ያች ልጅ ሰሌዳውን ብዙ አየችው። «ሁለቱም ወረቀት አላቸው፤ እርሻው ላይ ያለው ግን አባቴ ነው» አለች። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከማዶ ያለውም እኮ አባት አለው» አላት። ተቆጥታ ዞረች፤ ከዚያ መልሳ ወደ ሰሌዳው ዞረች። በዕድሜዬ ያየሁት ትልቁ የታሪክ ትምህርት ያ ነው። ልጅቷ የአባቷን ጥያቄ አልተወችም፤ መተውም የለባትም። ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጥያቄዋ ውስጥ ሌላ ሰው ገብቷል።

ያን ሰው ሙሉ ለማድረግ የሚቀጥሉትን ክፍለ ጊዜያት ስለ መጠጊያ አስተማርኩ። ድንበር የጦርነት ብቻ ታሪክ የለውም። በጣልያን ወረራ ጊዜ፣ ነሐሴ 1932 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንፎርድ ከዶካ አካባቢ ተነሥቶ ጎጃም ገብቶ ከአርበኞች ጋር የተገናኘው በዚሁ ጠረፍ አልፎ ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው ኦሜድላ ላይ የኢትዮጵያን መሬት ረገጡ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። መተማ ላይ ንጉሥ የወደቀባት የሱዳን ድንበር ከሃምሳ ሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ንጉሥ ወደ ነጻ አገር የተመለሰባት በር ሆነች። ይህን ሰምተው ዝም ያሉ ልጆች አልነበሩም፤ የአርማጭሆ አርበኞችን የሚያውቁ ከየቤታቸው ስም ይዘው መጡ።

ቀጥሎም ከእናቶቻቸው አፍ የሚሰማው መጣ። በደርግ ዘመን፣ በተለይም በ1977ቱ ድርቅ፣ ከጎንደር፣ ከትግራይና ከወሎ ስንት ሺህ ሰው ገዳሪፍ ገባ! ኡም ራኩባና ተዋዋ የሚባሉት ሰፈሮች በዚህ አካባቢ ባሉ ብዙ ቤቶች ውስጥ የሚታወቁ ስሞች ናቸው። ቤተ እስራኤላውያንም ከጎንደርና ከወልቃይት ተነሥተው በእግራቸው በዚሁ በረሃ ተሻግረው ኡም ራኩባ ደረሱ፤ ብዙዎች በመንገድና በሰፈሩ በረሃብና በበሽታ አለቁ። የተረፉት ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ በካርቱም በኩል፣ በመጋቢት ደግሞ ከገዳሪፍ አቅራቢያ በተነሡ አውሮፕላኖች ወደ እስራኤል ተወሰዱ። አንዲት ተማሪ እናቷን ጠይቃ የመጣችው ወረቀት ላይ የጻፈችው አጭር ነበር። እናቷ ልጅ ሆና ገዳሪፍ ስትደርስ አንዲት ቶብ የለበሰች ሱዳናዊት ከማሽላ የተሠራ ኪስራ በወጥ ሰጠቻት፤ ስሟን አታውቀውም፤ ፊቷን ግን ዛሬም ታስታውሰዋለች። የአፄ ዮሐንስን ሞት በአንድ ደብተር፣ ያችን ሴት በሌላ ደብተር መጻፍ አይቻልም። ሁለቱም ከአንድ ጎረቤት የመጡ ናቸው፤ ልጁ ሁለቱንም አብሮ መሸከም መማር አለበት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ጦርነት ተቀሰቀሰ። ማይካድራ ላይ ንጹሐን ተጨፈጨፉ፤ በሁመራና በዙሪያው የትግራይ ተወላጆች ተፈናቀሉ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ሰው በሃምዳይትና በሉግዲ በኩል ተሻግሮ ሱዳን ገባ፤ ለዓመታት ተዘግቶ የነበረው ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ። ከስደተኞቹ መካከል መምህራን ነበሩ፤ ልጆችን በድንኳንና በዳስ ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። በዚያው ሰሞን የሱዳን ጦር ፋሽጋ ገባ። የእኛ ገበሬዎች ያልተሰበሰበ ሰሊጥና ማሽላ፣ ትራክተርና ካምፕ ጥለው ወጡ። ያስተማርኳቸው ልጆች ያን ጊዜ ጎልማሶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ በዚያ እርሻ ላይ ነበሩ። አንደኛው ቆይቶ ሲያገኘኝ ስለዚያ ወራት ነገረኝ። በየሻይ ቤቱ ወሬው እሳት ነበር፤ ይህን ያህል ሰው ታረደ፣ ይህን ያህል መንደር ተቃጠለ እየተባለ ወጣቱ ሁሉ ለበቀል ይነሣሣ ነበር። «እኔ ግን ቲቸር፣ ማን አየ? መቼ? ከማን ሰማህ? እያልኩ ሰው አሰለቸሁ» አለኝ። የሚበዛው ወሬ ከሦስተኛው ጥያቄ አልፎ አልቆመም። ይህን የተማረው ዘጠነኛ ክፍል፣ አያቱን ጠይቆ ወረቀት ይዞ በመጣ ጊዜ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ካርቱም ላይ ጦርነት ፈነዳ፤ መንገዱ ተገለበጠ። ቶብ የለበሱ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በገላባት በኩል መተማ ገቡ፤ ኩመር ላይ የስደተኛ ሰፈር ተተከለ። ትናንት ከእኛ የሄደውን ያስጠጋ ሕዝብ ዛሬ እኛ ዘንድ መጠጊያ ፈለገ። የምናፍርበት ጊዜም ነበር፤ እነዚያ ስደተኞች በአገራችን መሬት በታጣቂ ተዘርፈዋል፣ ተገድለዋል፣ ከሰፈራቸው ወጥተው ጫካ ውስጥ የከረሙም አሉ። ኪስራ የተቀበለችው ሕፃን ታሪክ በየክፍሉ ቢነገር ኖሮ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር አልልም። ታሪክ ጠመንጃ አያስጥልም። ግን በር ላይ የቆመውን ሰው እንግዳ ወይስ ጠላት ብሎ የሚያየው ልጅ ከአንድ ቦታ ይማረዋል፤ ትምህርት ቤት ካላስተማረው ሻይ ቤቱ ያስተምረዋል።

ጀርመንና ፈረንሳይ በሰባ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተዋግተዋል። እንዲያም ሆኖ በ2006 እ.ኤ.አ. የሁለቱ አገር ተማሪዎች በየቋንቋቸው የሚያነቡት አንድ የታሪክ መጽሐፍ አሳትመዋል። ጎንደርና ገዳሪፍ እዚያ እስኪደርሱ ብዙ ይቀራል። መተማን፣ ኦሜድላንና ኡም ራኩባን አንድ ምዕራፍ ውስጥ የሚያስገባ መጽሐፍ በሁለቱም በኩል ያሉ ልጆች ሲያነቡ ባይ ደስ ይለኛል፤ የሚጽፉትም መተማን የእኛ ሐዘን፣ የእነሱ ኩራት ብለው ሁለቱንም የሚያሰፍሩ ቢሆኑ።

ያ እስኪሆን ድንበር ላይ ለሚያስተምር ወጣት መምህር የምለው አለኝ። መጽሐፉ እስኪሻሻል አትጠብቅ። ከወንዙ ጀምር፤ ልጁ የሚያውቀውን ወንዝ እስከሚያውቀው ድረስ ተከተለውና ወደማያውቀው አሻግረው። ሽማግሌ ሳይሞት አስጠይቅ፤ የተናጋሪውንም ስምና ዕድሜ አስጽፍ። ስለ ሽንፈትና ስለ ሐዘን ስታስተምር አትቸኩል። ሰሌዳው ላይ የጎረቤትህን ቃል ጎረቤትህ ቢያየው «አዎ፣ የምለው ይህንን ነው» በሚልበት መንገድ ጻፈው፤ የራስህንም ሳትሸፋፍን ከጎኑ ጻፍ። ልጁ መሬቱ የማን ነው ብሎ ሲጠይቅህ ጭብጨባ የሚያስገኘውን መልስ ለመስጠት አትሩጥ፤ ምንጮቹን ስጠውና ይመዝን። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ መመዘን ይችላል፤ ሲመዝን አይቼዋለሁ። እንዲህ የተማረ ልጅ አገሩን ከማንም ባላነሰ ይወዳል፤ የሚወዳትንም አገር በወሬ አያስመታትም።